የፊት ጎማችሁን የያዘው ማነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ያገለገለ ማውንቴን ባይክ ሊገዛ ፈልጎ «ና እስቲ እየው» ብሎ አስከትሎኝ ሄደ። ሻጩ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። መሪውን ይዞ ወደ ታች ጫን አደረገው፤ የብስክሌቱ ፊት በሞላው ላይ ዝቅ ብሎ ተመልሶ ብድግ አለ። «አየኸው? እንደ መኪና እኮ ነው!» አለ። ጓደኛዬ ልቡ ሸፈተ። እኔ ግን ቁጢጥ ብዬ የፊት ጎማውን እምብርት አተኩሬ ማየት ጀመርኩ። ሁለቱም «ይሄ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው?» በሚል ዓይን አዩኝ።

የጠፋብኝ ነገር አልነበረም። የምፈልገው አንዲት ዘንግ ነበር። ጓደኛዬ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲለቀው ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ለሞላው ሳይሆን ለዚያች ዘንግ ነውና። የዛሬው ወጌ የእሷ ታሪክ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን በስም እንግባባ። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዘው ባለ ሁለት እግር ብረት ፎርክ ይባላል። በጎማው እምብርት ውስጥ አልፋ ሁለቱን እግሮች የምታገናኘው ደግሞ አክስል ወይም ዘንግ ናት። ስለ ፎርኩ ሁሉም ያወራል። ስለ ዘንጓ የሚያወራው የወደቀ ሰው ብቻ ነው።

የደነዘዙ ጣቶች

በ1920ዎቹ የመንገድ ላይ ተወዳዳሪዎች ማርሽ የሚቀይሩት ከብስክሌታቸው ወርደው ነበር። የኋላ ጎማው በግራና በቀኝ የተለያየ መጠን ያለው ጥርስ ነበረው፤ ዳገት ሲመጣ ተወዳዳሪው ይወርዳል፣ ጎማውን ይፈታል፣ ይገለብጠዋል፣ መልሶ ያስራል። ጎማው የሚታሰረው በጣት በሚዞሩ ባለ ክንፍ ዳዶዎች ነበር።

እንደሚተረከው፣ በ1927 በሰሜን ጣልያን ክሮቼ ዳውኔ በሚባል ተራራ ላይ ቱሊዮ ካምፓኞሎ የተባለ የቪቼንዛ ልጅ በውድድር መሀል በረዶ ያዘው። ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ዳዶው አልፈታ አለ፤ ሌሎቹ ጥለውት ሄዱ። እሱም እየተበሳጨ «ይሄ ነገር መለወጥ አለበት» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ ይባላል። የተረኩን ዝርዝር የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ እንግዲህ የፋብሪካ የልደት ታሪክ ቅመም አያጣም። የማያጠራጥረው ግን ይሄ ነው፦ ካምፓኞሎ በ1933 በቪቼንዛ ድርጅቱን አቋቋመ፤ ስሙን ካስጠሩት ሥራዎች አንዷም ኩዊክ ሪሊዝ የምትባለው መሣሪያ ናት።

አሠራሯ ቀላል ነው። የጎማው አክስል ውስጡ ባዶ ይሆናል። በውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ቀጭን ሽቦ መሰል ዘንግ ታልፋለች። በአንድ ጫፏ ትንሽ ዳዶ፣ በሌላው እጀታ አለ። እጀታው ሲታጠፍ ዘንጓን ስቦ የፎርኩን ሁለት እግሮች አክስሉ ላይ ያጣብቃቸዋል። ሲከፈት ጎማው ይወርዳል፤ የፎርኩ ጫፍ ወደ ታች የተከፈተ አፍ ነውና። መፍቻ የለ፣ ትግል የለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ይህች መሣሪያ የተሠራችው ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ «በደነዘዘ እጅ ጎማን እንዴት ቶሎ ልፍታ?» የጥያቄው ቁልፍ ቃል «ልፍታ» ነው።

(በነገራችን ላይ ጋራዥ ገብታችሁ ፍሬን፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ ስትሉ የምትናገሩት ጣልያንኛ ነው። ቃላቱ ለእኛም ለካምፓኞሎም አንድ ናቸው።)

የተቃጠለ ግሪስ

ከጣልያን በረዶ ወደ ካሊፎርኒያ አቧራ እንሻገር። ጥቅምት 21 ቀን 1976 ከሳን ፍራንሲስኮ ሰሜን በምትገኘው የፌርፋክስ ከተማ አጠገብ ጥቂት ወጣቶች ከባድ አሮጌ ብስክሌቶቻቸውን ይዘው ተራራ ላይ ወጡና ቁልቁል ተሽቀዳደሙ። የብስክሌቶቹ ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ዓይነት ነበር። እታች ሲደርሱ በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ያለው ግሪስ ተቃጥሎ ይጨሳል፤ በአዲስ ግሪስ እንደገና መሙላት ግድ ነው። በእንግሊዝኛ «እንደገና መሙላት» ሪፓክ ይባላል፤ ውድድሩም በዚሁ ስም ታሪክ ውስጥ ገባ።

ከእነዚያ ልጆች ውስጥ ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚህ ዓይነት ግልቢያ ታስቦ የተሠራ ብስክሌት ሠራ። ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ደግሞ ቶም ሪቺ በሚሠራቸው አካሎች በ1979 ንግድ ጀመሩ። ማውንቴን ባይክ የሚለው ስም በዓለም የተሰራጨው ከዚህ በኋላ ነው። ፎርኩ ግን አሁንም ደረቅ ብረት ነበር፤ ድንጋዩን የሚቀበለው የጋላቢው ክንድ ነው።

ይህንን የለወጠው በሞተር ሳይክል ውድድር መካኒክነት የሠራው ፖል ተርነር ነው። በ1989 ሮክሾክስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። የመጀመሪያው ፎርኩ አር ኤስ-1 ሲባል፣ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ከፍ ይል ነበር። በዓመቱ፣ በ1990፣ የመጀመሪያው የማውንቴን ባይክ ዓለም ሻምፒዮና በአሜሪካ ዱራንጎ ተካሄደ። ግሬግ ኸርቦልድ በሮክሾክስ ፎርክ ቁልቁለቱን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አበቃ፤ ሁሉም ሞላ ፈለገ።

ጥያቄው ሲቀየር

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ደረቅ ፎርክ አንድ ወጥ አካል ነው። የሚተነፍስ ፎርክ ግን ሁለት እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር በራሱ መውጣትና መውረድ ይፈልጋል። ሁለቱን ከታች እኩል የምታራምደው ዘንጓ ናት። እሷ ደግሞ የተሠራችው ለደነዘዘ ጣት እንጂ ሁለት እግር ለማስማማት አልነበረም።

ሞተር ሳይክሎች ይህንን ጥያቄ ቀድመው መልሰውት ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቁልቁለት ብስክሌቶችም መልሱን ወሰዱ፦ የተከፈተው የፎርክ አፍ ተዘግቶ ክብ ቀዳዳ ሆነ፤ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ከዳር እስከ ዳር አልፎ በሌላው እግር ላይ ይጠብቃል። ትሩ-አክስል የሚባለው ይህ ነው። ውፍረት ቀልድ አይደለም፤ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ዘንግ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ለመጉበጥ ያለው እምቢታ 16 እጥፍ ያድጋል።

ከዚያ ዲስክ ፍሬን መጣ። በ2003 አንድ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራ የሚችል ሒሳብ አወጣ። እናንተም ሞክሩት። ጎማው ወደ ፊት ሲንከባለል የዲስኩ የኋላ ክፍል ወደ ላይ ይወጣል። ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬን ክፍል የተገጠመው ደግሞ በአብዛኛው ከግራው እግር በስተኋላ ነው። ስለዚህ ሲጨብጠው «አትውጣ» ይለዋል፤ ማለትም ጎማውን ወደ ታች ይገፋዋል። የፎርኩ አፍ የተከፈተው ወዴት ነበር? ወደ ታች!

ኃይሉም ትንሽ አይደለም። 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ ከመሀል እስከ ዳር 80 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ26 ኢንች ጎማ ግን ወደ 330 ይጠጋል፤ አራት እጥፍ። ጎማው መሬቱን በ40 ኪሎ ኃይል እንዲይዝ ፍሬኑ ዲስኩን ከ160 ኪሎ በላይ መጎተት አለበት። የጋላቢው ክብደት ከፊሉን ይቋቋማል፤ የቀረውን የሚይዘው የዚያች እጀታ ጭብጥ ነው። ሰውየው ተደጋጋሚው ጉተታ ዳዶዋን ቀስ በቀስ ሊያላላት ይችላል ብሎም ተከራከረ።

ብዙዎች አጣጣሉት። እውነት ነው፣ በደንብ የተዘጋ ኩዊክ ሪሊዝ ሚሊዮኖችን በሰላም አመላልሷል፤ በፎርኩ ጫፍ ላይ ያሉት ትናንሽ ከንፈሮችም ጎማው እንዳይወድቅ ያግዛሉ። ቢሆንም ኢንዱስትሪው መንገዱን ቀየረ። በ2008 ፎክስና ሺማኖ ለቀለል ያለ ግልቢያ የሚሆን 15 ሚሊ ሜትር ትሩ-አክስል ይዘው መጡ። በ2010ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ይኸው ዘንግ ከ100 ወደ 110 ሚሊ ሜትር ሰፋ፤ ቡስት ይሉታል። በ2015 የአሜሪካው ትሬክ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ብስክሌቶችን ለጥገና ጠራ። የኩዊክ ሪሊዟ እጀታ ከልክ በላይ ስትከፈት ዲስኩ ውስጥ ልትገባና ጎማውን ልታስቆም ትችል ነበር። ከአደጋዎቹ በአንዱ ጋላቢው አራቱም እጅና እግሩ ሽባ ሆነዋል።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

ታሪኩን ያወቀ ሰው ምርጫው አይከብደውም። ጥያቄው «የትኛው ይበልጣል?» አይደለም፤ «የእኔ ዘንግ ምን ዓይነት ኃይል ይሸከማል?» ነው።

የከተማ መንገድና ለስላሳ የአፈር መንገድ ከሆነ ደረቅ ፎርክና ኩዊክ ሪሊዝ ይበቃል። እንዲያውም ገንዘብ ካጠረ ጥሩ ደረቅ ፎርክ ከርካሽና ከባድ ባለ ሞላ ይሻላል። ለአገር አቋራጭ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር የሚተነፍስ ፎርክ ከ15 ሚሊ ሜትር ዘንግ ጋር፣ ድንጋያማ ለሆነ ተራራ ከ130 እስከ 150። 20 ሚሊ ሜትር ለከባድ ቁልቁለት ነው።

ፎርክ ብቻ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ሦስት ነገር ለኩ። አንደኛ፣ የጎማው እምብርት ከአዲሱ ዘንግ ውፍረትና ስፋት ጋር መግጠም አለበት፤ አለዚያ ጎማም ትገዛላችሁ። ሁለተኛ፣ ወደ መሪው የሚወጣው ቱቦ፤ አንዳንዱ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፣ አንዳንዱ ከታች ይሰፋል፤ ሰፊው በጠባብ አካል አይገባም። ሦስተኛ፣ አካሉ ለ100 ሚሊ ሜትር ከተሠራ 150 አትስቀሉበት፤ መሪው ይሰንፋል፣ የአካሉ አንገትም ያልተሠራበትን ጫና ይሸከማል።

አሁን ወደ ሻጩ እንመለስ። ብስክሌቱ ዲስክ ፍሬን አለው፤ ዘንጉ ኩዊክ ሪሊዝ ነው። እጀታዋን ነካ ሳደርጋት ተወዛወዘች። ለካ ሻጩ እጀታዋን አጥፎ አልዘጋትም፤ እንደ ዳዶ እያዞረ ነው ያጠበቃት! ካምፓኞሎ ያስወገደውን ባለ ክንፍ ዳዶ፣ ሰውየው በካምፓኞሎ መሣሪያ መልሶ ሠርቶታል። በመጥፎነት አይደለም፤ ማንም አላሳየውም።

እጀታዋን ከፈትኳት፣ ዳዶዋን በልኳ አጠበቅኩ፣ ከዚያ መዳፌ ላይ ምልክቷን እስክትተው ገፍቼ አጠፍኳት። «እንዲህ ነው ጋሼ» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና ራሱ ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋት። ከዋጋውም ትንሽ ቀነሰልን።

ጓደኛዬ ብስክሌቱን ገዛው። የእንጦጦ ድንጋያማ ቁልቁለት ግን ትሩ-አክስል ያለው ፎርክና የሚገጥመው ጎማ እስኪገኝ ቆይቷል። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ እጀታዋን ይነካታል። ጎረቤቶቹ ለብስክሌቱ የሚሰግድ መስሏቸዋል አሉ።