ስርዝ ድልዝ የማይታይበት መዝገብ

እኛ የካ አባዶ የምንኖር ሰዎች ስለ መዝገብ አብዝተን ብናወራ አይገርምም። ሰፈራችን ራሱ የተሠራው በዝርዝር ነው፤ ስሙ ተመዝግቦ ዕጣ የደረሰው ሰው ቁልፍ ተረከበ። ለዚህ ነው «አገልግሎቱ ዲጂታል ሆነ» ሲባል «ውስጡ የገባውን መረጃ ማን አረጋገጠው?» የምለው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። ቀበሌ የምንለው ከዚያ መጣ። የቤት ቁጥሩም መታወቂያውም ቀበሌ ገባ። በ1995 ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ቆይቶ ቀበሌ በወረዳ ተተካ። በ2013 ደግሞ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሲሆን አባዶ ከየካ ወጥታ እዚያ ገባች፤ ስሟ ግን ዛሬም የካ አባዶ ነው። መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ፋይል ይዛወራል፤ ፋይሉ ሲጠፋ የሚንከራተተው ባለጉዳዩ ነው።

ቴክኖሎጂውም ዛሬ አልመጣም። ወረዳዎችን በኔትወርክ የሚያገናኘው ወረዳኔት የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የጸደቀው በ2012 ነው።

ትልቁን ትምህርት የሰጠን ግን የሐምሌ 1 ቀን 2014ቱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። 25,491 ቤቶች በኮምፒውተር ዕጣ ወጣባቸው። ብዙም ሳይቆይ የከተማ አስተዳደሩ ራሱ፣ ቁጠባቸውን ያላሟሉ ሰዎች በዕጣው መካተታቸውን ገልጾ ሰረዘው። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው። ከ1997 ጀምሮ ተመዝግቦ፣ የቤት ኪራይ እየከፈለ ከጉሮሮው ነጥቆ ለቆጠበ ሰው ይሄ «የሲስተም ችግር» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አንዳንዱ «ድሮ በወረቀት ይሻል ነበር» ይላል። እኔ አልስማማም። በወረቀቱም ዘመን ፋይል ይሰወር፣ ስም ይለወጥ ነበር። ልዩነቱ ወዲህ ነው፦ ወረቀት ላይ ስርዝ ድልዙ ይታያል። ኮምፒውተር ላይ ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚመዘግብ አሠራር ካልተበጀ፣ የተቀየረውና ትክክለኛው አንድ ይመስላሉ።

አሁን በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ፋይዳ መታወቂያ በየአገልግሎቱ እየገባ ነው። ጥሩ ነው፣ ይግባ። ነገር ግን ነዋሪው ስለ ራሱ የተመዘገበውን ማየት፣ ስህተት ካለም ማረም ይቻለው። የዕጣ ዝርዝርም ከዕጣው በፊት ለሕዝብ ይለጠፍ፤ ከወጣ በኋላማ ጩኸት ብቻ ነው የሚተርፈን።

እናንተስ፣ ወረዳችሁ ስለ እናንተ ምን እንደመዘገበ አይታችሁ ታውቃላችሁ?