መርፌው ከሆስፒታል ወደ ቀበሌ፤ ጄንታማይሲን በላንጋኖ ዙሪያ

ላንጋኖ ሲባል ለአዲስ አበባና ለናዝሬት ሰው ትዝ የሚለው ቡናማው ውሃ፣ የዳርቻው አሸዋና የቅዳሜና እሑድ ዋና ነው። ከሐይቁ ዳር ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ግን ሌላ ላንጋኖ አለ፤ ከአስፋልቱ የራቀ፣ ልጅ በሌሊት ቢታመም መኪና የማይገኝበት፣ አራስ ከነጨቅላዋ ከቤት የማትወጣበት ገጠር። ሐይቁ የምሥራቅ ሸዋና የአርሲ ወሰን ነው፤ አርሲ ነገሌን የያዘው ወገን ዛሬ ምዕራብ አርሲ ዞን ይባላል። በምሥራቅ ሸዋና በምዕራብ አርሲ ዞኖች እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 ባለው ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ተፈትኗል። ጆሮ ሊያደነቁርና ኩላሊት ሊጎዳ የሚችለውን የጄንታማይሲን መርፌ፣ ሐኪም በሌለበት፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለጨቅላ ሕፃን ትውጋ ወይስ አትውጋ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ለምን ከባድ እንደሆነ ለማወቅ የመድኃኒቱን ዘር መቁጠር ያስፈልጋል። በ1943 አሜሪካ ውስጥ በራትገርስ፣ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ወጣቱ አልበርት ሻትስ፣ አፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። በሳንባ ነቀርሳ ላይ የሠራ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ይህ ነበር። እንግሊዞች በ1948 ባወጡት ታዋቂ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ሕሙማን መካከል በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት 4 ሲሆኑ፣ ዕረፍት ብቻ ከታዘዘላቸው 52 መካከል ግን 14 ሞተዋል። ዋክስማን በ1952 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ሻትስ ከሽልማቱ ተረሳ፤ ያም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ደስታው ብዙም ሳይቆይ ሌላው ወገኑ ታየ። ከተፈወሱት ሕሙማን አንዳንዶቹ ጭለማ ውስጥ ሲራመዱ ይንገዳገዱ፣ ራሳቸው ይዞርባቸው ጀመር፤ ጆሯቸው የደነቆረም ነበሩ። በ1963 ከሌላ የአፈር ተሕዋስ የተገኘው ጄንታማይሲን ለብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚበጅ ቢሆንም፣ ይህን የቤተሰቡን ጠባይ ወርሶ መጣ።

ምክንያቱ በአሠራሩ ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል ያዛባና ይገድለዋል። በአፍ ቢወሰድ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም፤ ስለዚህ መርፌ ግድ ይላል። ከሰውነት የሚወጣውም በኩላሊት ነው። መጠኑ ከበዛ ወይም ቀኑ ከረዘመ በኩላሊትና በውስጠኛው ጆሮ ይከማቻል። በጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ኩላሊት ሊያገግም ይችላል፤ ጆሮ ግን አይመለስም። በ1993 ተመራማሪዎች ከእናት የሚወረስ አንድ የዘር ለውጥ ያላቸው ሰዎች በትንሽ መጠን እንኳ ሊደነቁሩ እንደሚችሉ ደርሰውበታል። ማር ሲበዛ ይመራል ይባላል፤ ይህ መድኃኒት ግን ለአንዳንዱ ሰው ሳይበዛም ይመራል።

የላንጋኖ አካባቢ ከሕክምና ሙከራ ጋር የተዋወቀው በጄንታማይሲን አልነበረም። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለው በአርሲና ከዚያ አልፎ ባለው በባሌ፣ በ1992 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መድኃኒታቸውን በጤና ባለሙያ ዓይን ሥር እንዲወስዱ የሚያደርገው አሠራር በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሞከረ። በዚያን ጊዜ ስትሬፕቶማይሲን ገና ከዋነኞቹ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ ነበር። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ቀላል ቢሆንም ትልቅ ነው፤ መድኃኒት የሚያድነው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በልኩና በጊዜው መሰጠቱን የሚያይ ሰው ሲኖር ነው።

ወደ ጨቅላዎቹ እንመለስ። በ2011 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 37ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከገዳዮቹ አንዱ በደም የሚሠራጨው ኢንፌክሽን ነው። መድኃኒቱ የታወቀ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ችግሩ ግን ሆስፒታል መቀመጡ ነው። ኦሮሞዎች ኡልማ በሚሉት የአራስነት ጊዜ እናት ከቤት አትርቅም። ጨቅላው ጡት ቢተውና ቢያተኩስ፣ ቤተሰቡ ነገ ይሻለው ይሆናል እያለ ይጠብቃል፤ እንዲህ ያለው ሕፃን ግን በሰዓታት ሊያልፍ ይችላል።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ። ሥራቸው በዋናነት ማስተማርና መከላከል ነበር። የሳንባ ምች ላለበት ሕፃን አንቲባዮቲክ እንዲሰጡ እንኳ የተፈቀደላቸው በ2010 ነው። በሌላ በኩል የሕንዱ ሐኪም አብሃይ ባንግና ባልደረቦቹ ጋድቺሮሊ በተባለ የገጠር አውራጃ የመንደር ሴቶችን አሠልጥነው፣ ጄንታማይሲንን ጨምሮ ጨቅላዎችን በቤታቸው እንዲያክሙ በማድረግ፣ የጨቅላ ሞት ከግማሽ በላይ መቀነሱን በ1999 ለዓለም አሳውቀው ነበር። የኛስ ልጆች ይህን ማድረግ ያቅታቸዋል?

የተቃዋሚዎች ስጋት ከንቱ አልነበረም። ሒሳቡን እንይ። 3 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በኪሎ 5 ሚሊግራም ቢታዘዝለት የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም ነው። በአንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ካለው ብልቃጥ ይህ አንድ ሚሊ ሊትር ተኩል ይሆናል። ለአዋቂ ከሚዘጋጀው፣ በአንዱ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊግራም ካለው ብልቃጥ ያንኑ ያህል የቀዳች እጅ ግን ሕፃኑን አራት እጥፍ ትወጋዋለች። ደጋፊዎቹም መልስ ነበራቸው። ስህተትን የሚቀንሰው ሚዛን፣ ትክክለኛው ብልቃጥና ሥልጠና ነው፤ ሆስፒታል ያልደረሰ ሕፃን ደግሞ ከጆሮው በፊት ሕይወቱን ያጣል።

ሙከራው በምሥራቅ ሸዋ፣ በምዕራብ አርሲና በሲዳማ 22 አካባቢዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተካሄደ። በአንደኛው ወገን ያሉት ሠራተኞች ቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ፤ ቤተሰቡ መሄድ ካልቻለ ወይም እምቢ ካለ በጤና ኬላቸው አሞክሲሲሊን በአፍ፣ ጄንታማይሲን በመርፌ ለ7 ቀን ይሰጣሉ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የሚደርሰው የጨቅላ ሞት በእነዚህ አካባቢዎች ይበልጥ ቀነሰ፤ ልዩነቱ ግን የአጋጣሚ ሊሆን አይችልም ለማለት የሚያስደፍር አልነበረም። የጥናቱ ባለቤቶች ይህን ሳይሸሽጉ ጽፈዋል።

መንግሥት በ2013 አሠራሩን የማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ብሎ ማስፋፋት ጀመረ። በ2015 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ሆስፒታል መድረስ ለማይችሉ ጨቅላዎች ከሆስፒታል ውጪ የሚሰጥ ሕክምናን የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ።

ድሉ ግን አልተጠናቀቀም። የጨቅላ ሞት በ2016 ከ1,000 ወደ 29 ወርዶ ነበር፤ በ2019 የተደረገው ጥናት 33 አገኘ። ብልቃጡ ካለቀ፣ ሚዛኑ ከተሰበረ፣ ወይም እናት ጤና ኬላው ክፍት መሆኑን ካላመነች፣ ፈቃዱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በከተማ የምንኖረውስ? መርፌ ቶሎ ያሽራል ብለን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምንወጋ ጥቂቶች አይደለንም። የቀበሌዋ ወጣት ይህን መድኃኒት ለመንካት ዓመታት የፈጀ ክርክር፣ ሥልጠናና ሚዛን አስፈልጓታል። እኛ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ክብደቱ ተመዝኗል ወይ? ስንት ቀን ነው? ኩላሊትስ ደኅና ነው? እርጉዝ ሴት ደግሞ እርጉዝ መሆኗን ሳትናገር አትወጋ፤ የፅንሱም ጆሮ ሊጎዳ ይችላልና። ሕይወት ያተረፈ መርፌ ጆሮ እንዳይወስድ፣ ጆሮን መፍራትም ሕይወት እንዳያስከፍል፣ መካከሉን የሚጠብቀው ልክ ነው።