ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታ በላስታ

ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታ (በአጭሩ ፒፒአር) በቫይረስ የሚመጣ፣ በጎችንና ፍየሎችን የሚያጠቃ በፍጥነት የሚዛመት ተላላፊ በሽታ ነው። ቫይረሱ የሰው ኩፍኝን ከሚያመጣው ቫይረስ ጋር ይዛመዳል፤ ሰውን ግን አያሲዝም። ባልተከተበ መንጋ ውስጥ ሲገባ፣ ክፉ ከሆነ፣ ከታመሙት እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል።

ስያሜው የመጣው «ደስታ» ከተባለው የከብት በሽታ ነው። ይህን ያህል አስከፊ በሽታ ደስታ ብሎ መጥራት ክፉን ነገር በመልካም ቃል የመሸፈን ልማድ ይመስላል። የከብት ደስታ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል ገብቶ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ፤ «ክፉ ቀን» ለተባለው ረሃብም (1888–1892) ዋና ምክንያት ሆነ። ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። ፒፒአር በኢትዮጵያ በ1977 በአፋር ፍየሎች ላይ ተጠረጠረ፤ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠው በ1991 ነው።

የላስታ ሁኔታ

ላስታ በሰሜን ወሎ ዞን የሚገኝ ተራራማ አካባቢ ነው። ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። በደጋው በግ፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ፍየል ይበዛል። በሬ ለእርሻ ስለሚፈለግ፣ ለማዳበሪያ ወይም ለልጅ ደብተር ገንዘብ ሲያስፈልግ ገበያ የሚወጣው በግና ፍየል ነው። አምስት በግ ያላት እናት አራቱ ቢሞቱባት ጥሪቷ ጠፋ ማለት ነው።

ቀድሞ መለየት

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቀን ይወስዳል፤ እንስሳው ምልክት ከማሳየቱ በፊትም ሊያስተላልፍ ይችላል። የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጤነኛ መስላ የተገዛች ፍየል ሐሙስ ስትታመም፣ እስከዚያ ከመንጋው ጋር አንድ ጋጣ አድራለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚያው ቤት ሌላ እንስሳ ለገበያ ከወጣ በሽታው ወደ ሌላ ቀበሌ ይሻገራል።

ምልክቶቹ ከ40 እስከ 41 ዲግሪ የሚደርስ ድንገተኛ ትኩሳት፣ መብል መተው፣ መጀመሪያ ውሃ መሰል ኋላ ግን ወፍራም የሆነ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥና ሳል ናቸው። ችግሩ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የተለመደ መሆኑ ነው፤ ሳሉ ብርድ፣ ተቅማጡ የሆድ ትል ይመስላል። የሚያስጠረጥረው እነዚህ ተጣምረው በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድ መንጋ ብዙ እንስሳት ላይ መታየታቸው ነው። ይህን ከማንም ቀድሞ የሚያየው እረኛው፣ ብዙ ጊዜም ልጅ ነው።

ከእረኛው የተነሳው ወሬ በባለቤቱ በኩል ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ወደ ላይ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ የተለመደው መንገድ በወር አንድ ጊዜ የሚላክ ሪፖርት ነበር። በአንድ ወር ግን ቫይረሱ አምስት ዙር ያህል ሊተላለፍ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሪፖርት ለመዝገብ እንጂ ለማስጠንቀቂያ አይበቃም። «አድኒስ» የተባለው የማሳወቂያ ሥርዓት ይህን ክፍተት በሞባይል ስልክ ለማጥበብ የታሰበ ነው።

ናሙና መወሰድ ያለበት ሊሞት ከተቃረበው ሳይሆን ትኩሳት ከጀመረው እንስሳ ነው፤ ቫይረሱ በብዛት የሚገኘው ያኔ ነውና። የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ በጥጥ ተወስዶ፣ በበረዶ ሣጥን ወደ ኮምቦልቻ ወይም ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ቤተ ሙከራ ይላካል። በመስክ ላይ በደቂቃዎች ውጤት የሚያሳይ መመርመሪያም አለ።

መድኃኒት ቫይረሱን አይገድልም። ክትባቱ በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የሚመረት ሲሆን፣ አንድ መጠን ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል። በዙሪያው ያሉትን መንጋዎች ለመክተብና ገበያውን ለማገድ የሚኖረው ጊዜ በጥርጣሬው ቀን ላይ የተመሠረተ ነው።

የዱር እንስሳት

በሽታው ከቤት እንስሳት ወደ ዱር ይሻገራል። በ2016 እና በ2017 በሞንጎሊያ ሳይጋ የተባለውን የዱር እንስሳ በሺህ የሚቆጠር ፈጅቷል። በኢትዮጵያ ከፍየል ጋር በቅርብ የሚዛመደው ዋልያ በሰሜን ተራሮች ብቻ ስለሚኖር፣ በዚያ የሚሰማሩ መንጋዎችን መክተብ ለእርሱም መከላከያ ነው።