ዘፈኑ የማን ነው? ከብሮድዌይ እስከ ጉዱማሌ

እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ የትርኢት አቅራቢ ድርጅት «ሄር» የተባለውን የሮክ ሙዚቃዊ ተውኔት በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ በቻታኑጋ ከተማ ለማሳየት አስቦ የማዘጋጃ ቤቱ ቴአትር ቤት እንዲከራይለት ጠየቀ። የቴአትር ቤቱ ቦርድ አባላት ተውኔቱን አላዩትም፤ ጽሑፉንም አላነበቡትም። ከሰው በሰሙት ወሬ ብቻ ለከተማው ሕዝብ አይበጅም ብለው ከለከሉ። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1975 ፍርድ ቤቱ በሰጠው ውሳኔ፣ ለሕዝብ የተሠራን አዳራሽ ተገቢውን የሕግ ሥርዓት ሳይከተሉ አስቀድሞ መንፈግ የመናገር ነጻነትን መጣስ መሆኑን አረጋገጠ።

ስለ ፖለቲካ በሚጻፍበት ገጽ የዘፈንና የቴአትር ወግ ምን ይሠራል የምትሉ አንባብያን አትጠፉም። መልሴ ከላይ ባለው ታሪክ ውስጥ ነው። አዳራሹ የማን ነው? በአዳራሹ ውስጥ የሚዘፈነውስ የማን ዘፈን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በእኛም አገር የቆዩ ናቸው፤ መልስ ግን አላገኙም።

«ሄር» እ.ኤ.አ. በ1967 በኒውዮርክ በአንድ አነስተኛ መድረክ ታየ፤ በ1968 ወደ ብሮድዌይ ተሻግሮ 1,750 ጊዜ ቀረበ። ታሪኩንና ግጥሙን የጻፉት ጄሮም ራግኒና ጄምስ ራዶ የተባሉ ሁለት ተዋንያን ሲሆኑ፣ ዜማውን የደረሰው ካናዳዊው ጋልት ማክደርሞት ነው። ማክደርሞት የተማረው በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ እንደሆነና በዚያም የአፍሪካን ሙዚቃ እንዳጠና ለማያውቅ ሰው ነገሩ የሚያስገርም ነው። ተውኔቱ ወደ ቬትናም ጦርነት ለመዝመት ስለተጠራ ወጣትና ስለ ጓደኞቹ ይተርካል። ከዚያ በፊትም ብሮድዌይ ይዘፍን ነበር፤ ነገር ግን በአባቶች ዜማ ይዘፍን ነበር። ልጆቹ በየመንገዱና በየቤታቸው የሚሰሙት የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የራሳቸውን ጭንቀት ይዞ መድረክ ላይ የወጣው በእነዚህ ሦስት ሰዎች እጅ ነው። በለንደንም የሆነው ከዚህ አይለይም፤ «ሄር» በዚያ መድረክ ላይ የወጣው ለዘመናት የቆየው የቴአትር ሳንሱር በሕግ በተሻረ ማግስት፣ መስከረም 1968 እ.ኤ.አ. ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። አንድሩ ሎይድ ዌበርና ቲም ራይስ የክርስቶስን ሕማማት በሮክ ሙዚቃ ደርሰው መጀመሪያ በሸክላ አሳተሙ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ብሮድዌይ ላይ አወጡት። (ሕማማትን በኤሌክትሪክ ጊታር መስማት ለእኛ ጆሮ ይከብዳል። ሆኖም ቅዱሱን ታሪክ በዜማ፣ በከበሮና በአካል እንቅስቃሴ ማቅረብ ለያሬድ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም።) ጆናታን ላርሰን በኤድስ ዘመን ስለሚኖሩ ድሃ አርቲስቶች «ሬንት»ን ደርሶ፣ ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች በሚቀርብበት ዕለት፣ በጥር 1996 እ.ኤ.አ. በድንገት ሞተ። በ2015 ደግሞ ሊን ማኑኤል ሚራንዳ የአሜሪካን መሥራቾች ታሪክ በሂፕሆፕ አስዘፈነ። የሙዚቃው ዓይነት በየትውልዱ ይለዋወጣል። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ ወጣቱ የሚኖርበት ድምፅ የወጣቱን ታሪክ ይተርካል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዘፈንንና ቴአትርን በአንድ ጣሪያ ሥር በማኖር ከብዙዎች የቀደምን ነን። ዮፍታሔ ንጉሤ ገጣሚም፣ ጸሐፌ ተውኔትም፣ የዜማ ሰውም ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ዘፈኑንም ድራማውንም አብሮ ይዞ ተነሣ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸውን «ዳዊትና ኦርዮን» አቅርቦ ሲከፈት፣ የሙዚቃ ክፍልም የተውኔት ክፍልም ነበረው። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰለ የሙዚቃ አስተማሪም አግኝቷል። እንዲህ ያለ መሣሪያ የተሟላለት ቤት ሙዚቃዊ ተውኔት ካልወለደ ምን ይወልዳል?

ነገር ግን ሁለቱ ክፍሎች እንደ ጎረቤት ኖሩ እንጂ እንደ ባልና ሚስት አልኖሩም። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ አይመስለኝም። ገና ሲጀመር፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ተረት አስመስለው የሹማምንቱን ምግባር የነቀፉበት «ፋቡላ» የታገደበት አገር ነው። ቤተ መንግሥቱ የቴአትር ቤቱ ባለቤት፣ የሙዚቀኛው አሠሪና የሸክላው ፈቃድ ሰጪ ነበረ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራዎች ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ሸክላ አሳትሞና ከውጭ አስመጥቶ መሸጥ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ነበር።

ይህን አጥር የጣሰው በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ አንድ የሸክላ ነጋዴ፣ አምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳትሞ ጀመረ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አወጣ። ያ ዘመን በኒውዮርክ «ሄር» የሚታይበት፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» የሚሉበት ዘመን ነው። ወጣቱ ሙዚቃ ነበረው፤ ጥያቄም ነበረው። ሙዚቃው በምሽት ክበብ፣ ጥያቄው በአስፋልት ላይ ቀረ፤ በመድረክ ላይ የሚገናኙበት አጋጣሚ ሳይፈጠር አብዮቱ መጣ። የታሪካችን ትልቁ የመድረክ ኪሳራ ይህ ነው ባይ ነኝ።

ደርግ ለዘፈን ክብር ነሥቷል ብሎ መናገር አይቻልም፤ ይልቁንም አበዛው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የብሬሽትን፣ ዘፈን ከታሪኩ ጋር የሚሄድበትን ተውኔት «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ ወደ አማርኛ ያመጣው በአብዮቱ መባቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየቀበሌው፣ በየክፍለ ጦሩና በየፋብሪካው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። የምሽት ክበቡን የሰዓት እላፊ ዘጋው፤ ዘፈኑ ወደ ቀበሌ አዳራሽ ገባ። የኪነት ቡድኑ ስንት ታላላቅ ድምፃውያንን እንዳፈራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ምን እንደሚዘፈን የሚወስነው ዘፋኙ አልነበረም።

በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የኪነት ጉዞ በ1977ቱ ረሃብ የደረሱልንን ለማመስገን ወደ አውሮፓና አሜሪካ ተንቀሳቀሰ። በዚያው ወቅት የደቡብ አፍሪካዊው ምቦንጌኒ ንጌማ «ሳራፊና!» ከጆሃንስበርግ ተነሥቶ ኒውዮርክ ገባ፤ በጥር 1988 እ.ኤ.አ. ብሮድዌይ ላይ ወጣ። ሁለት የአፍሪካ ትርኢቶች በአንድ ሰሞን በአንድ አገር! የእኛው በውበት አያንስም፤ የዚያን ጊዜ ቅጂ ዛሬም የሚያየው ሰው ዓይኑን ያርሳል። ልዩነቱ «ሳራፊና!» በ1976 እ.ኤ.አ. በሶዌቶ የተገደሉትን ተማሪዎች ታሪክ በጥቁሮች መንደር ዘፈን መተረኩ ነው። የእኛው ደግሞ የብሔረሰቦችን ዘፈንና ውዝዋዜ በተርታ ያቀረበ ትርኢት እንጂ የማንንም ታሪክ የሚተርክ ተውኔት አልነበረም። አንዱ ከሳሽ ሆኖ ሄደ፤ ሌላው አመስጋኝ ሆኖ ሄደ።

እንግዲህ አቤቱታን በዜማ ማቅረብ በእኛ አገር የለም ማለት ነው? አለ፤ ግን ጣሪያ ከሌለው ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። በሐዋሳ፣ ከሐይቁ አጠገብ፣ ጉዱማሌ የሚባል አደባባይ አለ። የሲዳማ ሕዝብ በየዓመቱ ፊቼ ጨምበላላን የሚያከብርበት ስፍራ ነው። ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቶዎች ናቸው። ቡሪሳሜው ተበልቶ፣ ልጆች ጎረቤቱን ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ብለው ከዞሩ በኋላ ጎሳዎች በየተራቸው ወደ አደባባዩ ይገባሉ፤ ሽማግሌዎች ቄጣላውን ይመራሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሺሁ ይቀበላል፤ እግር ምድርን ይመታል። ተመልካችና ተዋናይ የሚለያቸው መጋረጃ የለም። በዚያው ስፍራ ሽማግሌዎቹ የአገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ በሐሰት አትመስክሩ እያሉ ይመክራሉ። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. ይህን በዓል በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ቄጣላ ግን የበዓል ዜማ ብቻ አይደለም። የሲዳማ ሕዝብ ቅሬታ ሲኖረውም በቄጣላ ይወጣል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የተቋጨው የክልልነት ጥያቄ ለዓመታት ሲዜም የኖረ ጥያቄ ነው። አንድ ሕዝብ ታሪኩን በራሱ ዘመን ዜማ፣ በራሱ አንደበት፣ ለሹመኛው ጆሮ ሲያቀርብ የሮክ ተውኔት ፈጣሪዎች ለመሥራት የለፉበትን ነገር እየሠራ ነው።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ቄጣላው የክብር እንግዶች ድንኳን፣ የባለሥልጣን ንግግርና የቴሌቪዥን ቀጥታ ሥርጭት እየከበቡት በሄዱ ቁጥር፣ ዜማው ለካሜራ የሚመች፣ አቤቱታው የተቀነሰለት ትርኢት ይሆናል። የኪነት ቡድኑን መንገድ ያየን ሰዎች ይህን ጉዞ እናውቀዋለን። አደባባዩን ለበዓል ማስዋብ ቀላል ነው። ከባዱ አዳራሹን ለወጣቱ መክፈት ነው፤ የሐዋሳ ወጣት ጊታርም ኪቦርድም ይጫወታል፣ ራፕም ያደርጋል፣ የአያቱን ቄጣላም ያውቃል።

ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሎቄ፣ የከተማይቱን አስተዳደር በተመለከተ ሊቃወሙ የወጡ ሰላማዊ ሰልፈኞች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተገድለዋል። ያን ቀን በቄጣላ፣ በጊታርና በራፕ የሚተርክ ተውኔት የጻፈ አንድ ወጣት ነገ ከሕዝብ አዳራሾቻችን ወደ አንዱ ደብዳቤ ይዞ ቢሄድ፣ ደብዳቤውን የሚቀበለው ሹም ጽሑፉን ያነበው ይሆን? ወይስ እንደ ቻታኑጋ ቦርድ አባላት ከወሬ በሰማው ብቻ ይመልሰዋል? ቢመልሰውስ፣ ወጣቱ አቤት የሚልበት ፍርድ ቤት የትኛው ነው?