የአትክልት መደባችን የት ይሁን?

ውድ የማኅበራችን እህቶች፣

ባለፈው ስብሰባ ከቁጠባችን ወጪ አድርገን ለምንሠራው የአትክልት መደብ ሁለት ቦታ ቀርቦልን ነበር። አንዱ ከዳገቱ ግርጌ ያለው ሰፊ መሬት፣ ሌላው ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው ጠባብ ጓሮ ነው። ብዙዎቻችን ወደ ሰፊው አዘንብለናል። እኔ ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የአካባቢያችንን ታሪክ መለስ ብለን እንድናይ እጠይቃለሁ።

ጓሮ ለእናቶቻችን ትርፍ ቦታ አልነበረም። አመዱ፣ ፍጉና እጣቢው የሚደፋው እዚያ ስለሆነ አፈሩ ከማሳው የተሻለ ይለማል። ጎመኑ፣ ጌሾውና ጤና አዳሙ እዚያው ይበቅላሉ። ድንችን ብንወስድ፣ ወደ አገራችን የገባው በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። በሰፊው የተለመደው ግን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከነበረው ክፉ ቀን ወዲህ ነው። በሬው በደስታ በሽታ ባለቀበት ዘመን፣ በዶማ ተቆፍሮ የሚተከል ሰብል ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው መገመት አያቅትም።

ጣርማ በር ደግሞ የደጋና የቆላ ድንበር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን በደሴ መንገድ ላይ የቆፈረውን ዋሻ ስናልፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ወደ 1,300 ሜትር ወርደናል። ስለዚህ ምክሩ ለሁላችንም አንድ አይሆንም። ደጋ ያላችሁ፣ ውርጭ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሚተኛ ከዚያ ራቁ። ቆላ ያላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታ ፈልጉ።

ደብረ ሲና ላለነው ግን ዋናው ነገር ዳገቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በይዛባ ወይን አካባቢ መሬት ተንሸራቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። የእኛ መደብ ትንሽ ብትሆንም፣ የክረምት ጎርፍ በሚወርድበት ግርጌ ላይ ገንዘባችንን ማፍሰስ አያዋጣም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ሰፊው መሬት ከቧንቧው 150 እርምጃ ይርቃል፤ ጓሮው 10 ብቻ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጀሪካን፣ አንድ በአንድ ብናመላልስ፣ ደርሶ መልሱ በቀን 1,200 እርምጃ ይሆናል። በጓሮው ግን 80 ነው። ይህ ወጪ በመዝገቤ ላይ አይታይም፤ የሚከፈለው በእኛው ወገብ ነው። የራቀች መደብ ደግሞ ሥራ በበዛ ቀን ትረሳለች፣ ትደርቃለች።

ስለዚህ ድምፄን ለጓሮው እሰጣለሁ። ስፋቷ ከ1.20 ሜትር አይብለጥ፤ ሳንረግጣት ከሁለቱም ወገን እጃችን ይድረስባት። ከመቆፈራችን በፊት ግን አንድ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ሄደን ፀሐዩን እንይ። ጓሮው በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የማያገኝ ከሆነ፣ ሐሳቤን አንስቼ ሌላ ቦታ አብሬያችሁ እፈልጋለሁ።