ጉርሻው ሲያንቅ፦ ስለ ሽጉጥ ካዝና ጥቂት ታሪክ

እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 1942። ቦታው ፕራግ ከተማ፣ ሊበን የሚባል ሰፈር። አንድ ጣሪያው የተከፈተ መርሴዲስ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰውዬ ራይንሃርድ ሃይድሪክ ነው፤ ናዚዎች በቦሄሚያና በሞራቪያ ላይ የሾሙት ገዢ፣ አይሁዶችን ከምድረ ገጽ የማጥፋት ዕቅድ ዋና ቀያሽ። ዮዜፍ ጋብቺክ የሚባል ስሎቫክ ወታደር ዘሎ መኪናው ፊት ቆመ። ስቴን የተባለውን የእንግሊዝ አጭር መትረየስ ደገነና ቃታውን ሳበ። ምንም የለም! ነክሷል።

ጓደኛው ያን ኩቢሽ ቦምብ ወረወረ። ፍንዳታው መኪናውንም ሃይድሪክንም አገኛቸው፣ ኩቢሽም ፊቱ በደም ታጠበ። የሃይድሪክ ሾፌር ሽጉጡን መዝዞ ኩቢሽን ሊመታ ሮጠ። ግን ፍንዳታው አደንዝዞት ኖሮ ካዝናውን የሚለቀውን ቁልፍ ተጫነው። የእሱም መሣሪያ እምቢ አለ። ኩቢሽ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ አመለጠ፤ ሃይድሪክ ከስምንት ቀን በኋላ በቁስሉ ሞተ። ናዚዎችም ሊዲትሴ የምትባለውን መንደር ለበቀል አጠፏት።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ በፊልም አይታችሁት ይሆናል። እኔን ግን ሁሌም የሚይዘኝ አንድ ነገር ነው፦ በአንዲት የመንገድ ጥግ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ሁለት መሣሪያዎች ባለቤቶቻቸውን ከዱ። ስቴኑ ለምን እንደነከሰ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የስቴን ደካማ ጎን ካዝናው መሆኑን ግን ይዘውት የዞሩት ወታደሮች ያውቁት ነበር፤ 32 ጥይት የሚይዘውን ካዝና ሆን ብለው አጉድለው የሚሞሉት ለዚህ ነበር። የሾፌሩ ሽጉጥም የከዳው በዚሁ በካዝናው በኩል ነው። እኛ ሀገር ስለ ጠብመንጃ ያልተፎከረና ያልተሸለለ የለም፤ ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ አልቤኑ ሁሉ ስም አለው። ለዚያች ለቆርቆሮ ሳጥን የፎከረ ግን ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ እስቲ ስለ እሷ እናውራ።

በቋንቋችን ጠብመንጃ ጥይት «ይጎርሳል»፣ ተኳሹም «ያጎርሰዋል»። ቃሉን ያወጣው ሰው መካኒክ ሳይሆን አይቀርም! ካዝና (ካርታ የሚሉትም አሉ) ሥራው ማጉረስ ብቻ ነው። ውስጡ አንድ ሞላ አለ። ከሞላው በላይ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋ ትንሽ ሳህን አለ። አፉ ላይ ደግሞ ጥይቱ ዘሎ እንዳይወጣ በግራና በቀኝ የሚይዙት ሁለት የቆርቆሮ ከንፈሮች አሉ። ሽጉጡ ሲተኮስ የላይኛው አካሉ ወደ ኋላ ሄዶ ቀለሁን ይተፋል፤ ሲመለስ የሚቀጥለውን ጥይት ከከንፈሮቹ መሃል ገፍቶ ይጎርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ነው። ሞላው ከደከመ ጥይቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ከንፈሩ ትንሽ ከተከፈተ አንጋጦ ይወጣል፣ ከጠበበ ደግሞ አልላቀቅም ይላል። ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አይጥምም ይባላል፤ ለሽጉጥ ግን ተረቱ አይሠራም። ጉርሻው ካስጨነቀው ሟቹ ባለ ሽጉጡ ነው።

ተነቃይ ካዝናን እጀታ ውስጥ የከተተው የመጀመሪያው ታዋቂ ሽጉጥ ሁጎ ቦርቻርት እ.ኤ.አ. በ1893 የሠራው ነው፤ 8 ጥይት ይይዛል። ከእሱ ሦስት ዓመት በኋላ የመጣው የጀርመኑ ማውዘር ግን 10 ጥይት የሚይዝ ካዝናውን ከቃታው ፊት ለፊት ከሽጉጡ አካል ጋር አጣብቆት ነበር። የማይነቀል ካዝና አይጠፋም፣ ወድቆም አይጎብጥም። ግን ለመሙላት ጊዜ ይፈጃል። ምርጫው እንግዲህ ይህ ነበር፦ ፍጥነት ከፈለግህ የሽጉጥህን አስተማማኝነት ለአንዲት ቆርቆሮ አደራ ትሰጣለህ።

ጀርመኖች ይህን አደራ አክብደው ነበር የያዙት። ከቦርቻርት የተወለደው ሉገር ሽጉጥ ለጦሩ ሲታደል ሁለት ካዝና ይዞ ነው፤ ሁለቱም ላይ የሽጉጡ መለያ ቁጥር ይቀረጻል፣ ሁለተኛው ላይ የመደመር ምልክት ይጨመርበታል። ጋብቻ በሉት። የአንዱን ሽጉጥ ካዝና ለሌላው ማዋስ ችግር መጥራት እንደሆነ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ ደግሞ በፈተና አመኑ። እ.ኤ.አ. በማርች 1911 ሁለት ሽጉጦች ለመጨረሻው ውድድር ቀረቡ፦ የጆን ብራውኒንግ ኮልትና የሳቬጅ ኩባንያ ሽጉጥ። እያንዳንዳቸው 6,000 ጥይት ተኮሱ፤ ሲግሉ ውኃ ውስጥ እየተነከሩ ቀጠሉ። ሳቬጁ 37 ጊዜ ተደናቀፈ፣ ኮልቱ አንዴም አልነከሰም። በዚያው ወር በ29 የጦሩ ሽጉጥ ሆነ። የዚህ ሽጉጥ የጥንት ካዝናዎች ሁለት ቀለም አላቸው፦ ከላይ ግራጫ፣ ከታች ጠቆር ያሉ። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ! ከንፈሩ እንዳይላላ የላይኛውን ክፍል ብቻ በእሳት አጠንክረውት ነው። ግርጌው ላይ ደግሞ የገመድ ማሠሪያ ቀለበት ነበረው፤ ፈረሰኛው በግልቢያ ላይ ካዝናው እንዳይወድቅበት።

ሶቪየቶች ግን ወታደር ካዝናውን ይንከባከባል ብለው አላመኑም፤ የሚጥለውም የሚረግጠውም አለ። ፊዮዶር ቶካሬቭ የብራውኒንግን ሐሳብ ወስዶ ሽጉጡን ሲሠራ ጥይቱን የሚመሩትን ከንፈሮች ከጠንካራ ብረት ቀርጾ ከሽጉጡ ከራሱ አካል ውስጥ አስገባቸው። ካዝናው ትንሽ ቢጎብጥ እንኳ ጥይቱ መንገዱን አይስትም። ለእኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ብልጡ መልስ ይህ ነው፦ ሰው ይሳሳታል ብለህ አስበህ መሥራት። እ.ኤ.አ. በ1951 የተተካው ማካሮቭ፣ ያ እኛም ሀገር በደንብ የሚታወቀው፣ በሌላ መንገድ ሄደ። ካዝናውን ከግርጌው ነክሶ የሚይዘው ጥርስ የመዶሻው ሞላ የታችኛው ጫፍ ነው። አንድ ብረት ሁለት ሥራ። ካዝናው በስህተት አይለቅም፤ ለመቀየር ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። ያ የፕራጉ ሾፌር ማካሮቭ ቢይዝ ኖሮ ብላችሁ አስቡት።

ከዚያ የብዛት ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የቤልጂጉ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ጥይቱን በሁለት ረድፍ ደርድሮ 13 አስገባ። ካዝናውን የነደፈው ዲዮዶኔ ሴቭ ነበር። ችግሩ ምንድነው? ሁለት ሰልፍ አንድ በር ላይ መገናኘት አለበት። የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሁለት የታክሲ ሰልፍ በአንድ በር ሲጋፋ አይታችሁ የለ? ጥይትም እንደዚያው ነው፤ ሞላው መጠንከር፣ ግድግዳው መለስለስ አለበት።

ይህን የረሳ ዋጋ ይከፍላል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 15 ጥይት የሚይዘውን ቤሬታ መረጠ። ሽጉጡ ብዙ ፈተና ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅ ሲገቡ ግን ወታደሮች ማማረር ጀመሩ፦ ሞላው ደካማ ነው፣ ገፊው ሳህን አይነሳም። 15 የሚይዘውን 10 ብቻ እንዲሞሉና ሞላውን በእጃቸው እየሳቡ እንዲያስረዝሙ ተነገራቸው። በኋላ ሲመረመር አንዱ ጥፋተኛ የካዝናው ግድግዳ ቅብ ሆኖ ተገኘ። ዝገት እንዲከላከል ተብሎ የታዘዘው ሻካራ ቅብ የበረሃውን ደቃቅ አሸዋ ይዞ ያስቀር ነበር። መፍትሔው አዲስ ሽጉጥ አልነበረም፤ ለስላሳ ቅብ ያለው ካዝና ነበር። በወረቀት ላይ ያማረ ትእዛዝ፣ አሸዋውን ያላየ ቢሮ፣ ጣቱ ቃታ ላይ ያለ ወታደር… ይህ ታሪክ ከሽጉጥ ውጪም የሚያስታውሳችሁ ነገር ካለ እኔ የለሁበትም።

እንግዲህ አስተማማኝ ካዝና እንዴት ይመረጣል ብሎ ለሚጠይቅ ጠባቂ፣ ፖሊስ ወይም ወታደር፣ ታሪኩ ራሱ መልሱን ይዟል። ስም ብቻ አይታመንም፤ ጠንካራ የተባለውም ቤሬታ በካዝናው ነክሷል። ከንፈሩ እኩልና ያልጎበጠ፣ ሞላው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳና ንጹሕ ይሁን። ለዚያው ሽጉጥ የተሠራ ይሁን። በተኩስ ሜዳ ሳይፈተን ለሥራ አይያዝ። ካዝናዎቹ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ያኔ የሚነክሰው የትኛው እንደሆነ ይታወቃል፣ ሽጉጡም ያለ ጥፋቱ አይወቀስም። የከዳ ካዝና ደግሞ በይቅርታ አይመለስም፣ ከሥራ ይወጣል።

ለቀረነው፣ ሽጉጥ የማንይዘው ብዙኃን፣ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ብራውኒንግ ሃይ ፓወር በፈረንሳይ ጦር ጥያቄ የተጨመረበት አንድ መላ ነበረው፦ ካዝናው ከወጣ ቃታው አይሠራም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካዝና ሲወጣ አስቀድሞ የተጎረሰው አንድ ጥይት ውስጥ ይቀራል። ኮልቱም፣ ቶካሬቩም፣ ማካሮቩም፣ ቤሬታውም ይህ መላ የላቸውም። ካዝናቸው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም አንዷን ይተኩሳሉ።

ስለዚህ በሰርግም ይሁን በጓደኛ ቤት፣ አንዱ ካዝናውን አውጥቶ «አትፍሩ፣ ባዶ ነው» እያለ ሲጫወትበት ካያችሁ፣ አትሳቁ፤ አስቁሙት፣ ካልሆነም ከፊቱ ዞር በሉ። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች አደራውን ለካዝናው ሰጡ። የመጨረሻዋ ጉርሻ አደራ ግን የሰው ነው።