ከሐይቅ መዝገብ እስከ ኮምፒውተር፦ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ካታሎግ ታሪክ

በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት አንድ የብራና ወንጌል አለ። በዚህ ወንጌል ውስጥ፣ ከቅዱሱ ንባብ ውጭ በቀረው ቦታ፣ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ስለ ኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት አያያዝ ከሚታወቁት ቀደምት የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ በወንጌል ላይ መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። በየአድባራቱና በየገዳማቱ የርስት ስጦታም ሆነ የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ የሚመዘገበው በወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ ነበር። እዚያ የሰፈረን ቃል መፋቅ በውግዘት የታሰረ ስለሆነ፣ ለንብረት ከዚህ የበለጠ ዋስትና አልነበረም። መጽሐፍም ከመስቀሉ፣ ከጽናሑና ከካባው ጋር አብሮ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው መዝገብ የተዘጋጀው ንብረት እንዳይጠፋ እንጂ አንባቢ የሚፈልገውን እንዲያገኝ አይደለም። ስለዚህ መጽሐፉ የሚጠቀሰው ካህናቱ በለመዱት አጭር ስም ነው፦ ኩፋሌ፣ ሄኖክ፣ ድጓ፣ ግብረ ሕማማት። የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ማኅደር ሆኖ በየትኛው ኩላብ ላይ እንደተሰቀለ የሚያውቀው የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ነበር። ፈላጊ ይጠይቃል፤ ጠባቂው ያመጣል። በዚህ መንገድ ለዘመናት ተሠርቷል፤ መጽሐፉና ጠባቂው ከአንድ ግቢ እስካልወጡ ድረስም ችግር አልነበረውም።

መጻሕፍቱ ከጠባቂያቸው ሲለዩ ግን ሌላ ዓይነት መዝገብ አስፈለገ። ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ዲልማን በለንደን የብሪትሽ ሙዚየምን የግዕዝ መጻሕፍት ካታሎግ በ1847 እ.ኤ.አ.፣ የኦክስፎርዱን የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት አሳተመ። አንቷን ዳባዲ ከኢትዮጵያ ሰብስቦ የወሰዳቸውን 234 መጻሕፍት ራሱ ዘርዝሮ በ1859 አወጣ። በፓሪስ ዞተንበርግ፣ በለንደን ዊልያም ራይት ሥራቸውን ያሳተሙት በአንድ ዓመት፣ በ1877 ነው።

የራይት ካታሎግ ያለ መቅደላ አይታሰብም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት በ1868ቱ የእንግሊዞች ዘመቻ ተዘርፈው ወደ 350 የሚሆኑት ብሪትሽ ሙዚየም ገቡ። ከእነዚህ መካከል ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ለእንግሊዝ መንግሥት ጻፉ፤ ከሁለቱ አንዱ በዚያው ዓመት ተመለሰ። የተቀሩት እዚያው ቀርተው ቁጥር ተሰጣቸው፣ ታተሙ፣ በዓለም ታወቁ። በዝርፊያ የተወሰደ መጽሐፍ በአገሩ ከቀረው ቀድሞና በተሻለ ጥንቃቄ ካታሎግ ውስጥ መግባቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለ መራራ እውነት ነው።

እነዚህ ካታሎጎች ለሊቃውንት የዋሉት ውለታ ትልቅ ነው። የቅጠሉን ብዛት፣ የጽሕፈቱን ዘመን፣ የጸሐፊውንና የባለቤቱን ስም፣ በየኅዳጉ የተጻፈውን ማስታወሻ ሳይቀር መዝግበዋል። በሌላ በኩል ግን መጽሐፉ አገሩ ከሚጠራበት ስም ተለያየ። ኩፋሌ በአውሮፓ ቋንቋዎች “የኢዮቤልዩ መጽሐፍ” ወይም “ትንሹ ዘፍጥረት” ተባለ። ግዕዝም “ኢትዮፒክ” በሚል ስም ተመዘገበ። ዛሬ በኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ይህን ስያሜ ወርሷል፤ ኩፋሌን በኩፋሌነቱ ብቻ የሚፈልግ፣ በኢዮቤልዩ ስም የተመዘገበውን ሁሉ ያጣል።

በአገር ቤት መጻሕፍትን በስፋት የመመዝገብ ሥራ የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ትልቁ እርምጃ ግን በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በእንግሊዝኛ ምህጻሩ “ኢ.ኤም.ኤም.ኤል.” ተብሎ የሚታወቀው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተባበሩ። መጻሕፍቱ ከየገዳሙ እየመጡ በፊልም ይቀረጹና ወደየቦታቸው ይመለሱ ነበር፤ የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው ኮሌጅቪል ይላክ ነበር። መቅደላ ላይ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ዕውቀቱ ተባዛ እንጂ መጽሐፉ ከባለቤቱ አልተነጠቀም። በዚህ መንገድ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀርጸዋል።

ፊልሙ ቢኖርም ካታሎግ ከሌለው ጨለማ ነው። የመጀመሪያውን ቅጽ ዊልያም ማኮምበር በ1975 እ.ኤ.አ. አወጣ። ሥራውን ተሸክመው ለዐሥርት ዓመታት የገፉት ግን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በደርግ ዘመን መጀመሪያ በጥይት ተመተው እግራቸው የተሰናከለው እኚህ ሊቅ በ1976 አሜሪካ ገቡና ኮሌጅቪል ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ፊልሞቹን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ በአንድ ጥራዝ ውስጥ የተሸሸጉ ድርሰቶችን እየለዩ፣ በኅዳግ የተጻፈውን የርስት ውልና የታሪክ ማስታወሻ እየመዘገቡ ካታሎጉን እስከ 10ኛው ቅጽ አደረሱት። ይህ ቅጽ በ1993 ሲታተም የተመዘገቡት መጻሕፍት ቁጥር 5,000 ሞላ። ለግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ጥናት በ20ኛው መቶ ዘመን ከዚህ የበለጠ ያገለገለ ሥራ ማግኘት ይከብዳል። በፕሮጀክቱ እያንዳንዱ መጽሐፍ የማይለወጥ ቁጥር አለው፤ የሐይቁ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል 1832 ነው። ስሙን በምንም ዓይነት ፊደል ቢጽፉት ይህ ቁጥር አይሳሳትም።

ኮሌጅቪል በፊልም ላይ ሲደክም፣ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ከካርድ ወደ ኮምፒውተር እየተሻገሩ ነበር። ሄንሪየት አቭራም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍን መረጃ ኮምፒውተር የሚያነብበትን “ማርክ” የተባለ አሠራር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አበጀች። በ1967 በኦሃዮ የተቋቋመው “ኦ.ሲ.ኤል.ሲ.” ቤተ መጻሕፍት አንዱ የመዘገበውን ሌላው እንዲጠቀምበት የጋራ ካታሎግ በ1971 ሥራ ላይ አዋለ። ዛሬ “ወርልድካት” የሚባለው የዚህ ልጅ ነው።

ኮምፒውተሩ ግን ፊደል አያውቅም ነበር። ዐረብኛና ዕብራይስጥ በየጊዜው ሲታከሉ የእኛ ፊደል የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ወደሚወከሉበት ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በመሆኑም በውጭ አገር ትላልቅ ቤተ መጻሕፍት ያሉ የአማርኛ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን የተመዘገቡት በላቲን ፊደል ብቻ ነው። ይህም አንድ ወጥ አይደለም፤ “ቀ”ን አንዱ በ“ኪው” ሲጽፍ ሌላው በ“ኬ” ይጽፋል፤ “ጸ” አንድ ቦታ ነጥብ ያለው “ኤስ”፣ ሌላ ቦታ “ቲ” እና “ኤስ” ነው። በፊደል ተጽፎ የተፈለገ መጽሐፍ “የለም” ሲባል፣ ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ጠፍቶ ሳይሆን በላቲን ተመዝግቦ ነው።

በፊደል የተመዘገበውም ቢሆን የራሱ ፈተና አለው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። “ኃይለ ሥላሴ” የሚለው ስም የመጀመሪያው ፊደል በስድስት ዓይነት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፣ “ሥ” በሁለት ዓይነት፣ ስሙም ተነጥሎ ወይም ተጣብቆ ስለሚጻፍ 24 መልክ ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ባለው ስም ላይ የሚያዋጣው ፊደሉ የማይለዋወጥበትን ክፍል መርጦ መፈለግ ነው። የቃል መጨረሻን ክፍት የሚተወው የኮከብ ምልክትም ለአማርኛ ግማሽ መፍትሔ ብቻ ነው፤ “ኢትዮጵያ” ብሎ ኮከብ ማድረግ “ኢትዮጵያዊ”ን ያመጣል እንጂ “የኢትዮጵያ”ን አያመጣም፤ “የ” ከፊት ስለሚገባ ለብቻው መፈለግ አለበት።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ባለመሆኑ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም መመዝገብ አለበት፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ“ሐዲስ” እንጂ በ“ዓለማየሁ” አይደለም። ይህን ያላወቁ መዝጋቢዎች ግን ገልብጠውታል፤ ስለዚህ ሁለቱንም መሞከር ግድ ነው። ዓመቱም ያሳስታል። የሐዲስ “ፍቅር እስከ መቃብር” የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1965 ወይም 1966 መሆኑ ነው። የሽፋኑን ዓመት ሳይለውጥ የወሰደ መዝገብ መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚያስረጀው፣ ፍለጋን በዓመት ማጥበብ ለአማርኛ መጽሐፍ አደገኛ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ካታሎግ አንባቢዎች ሁልጊዜ የሚያውቁት ነው፦ መኖሩ የተረጋገጠ አንድ መጽሐፍ ፈልጎ ማግኘት፣ ያ ቤተ መጻሕፍት የደራሲውን ስምና የርእሰ ጉዳዩን ስያሜ እንዴት እንደጻፈ ማየት፣ ከዚያም በዚያው አጻጻፍ ሌሎቹን መጥራት።

ዛሬ የሂል ቤተ መጻሕፍት የማይክሮፊልሞቹን መረጃና ምስል በኢንተርኔት ያቀርባል፤ በአሥሩ ቅጾች ያልተካተቱትም በየጊዜው እየተመዘገቡ ይጨመራሉ። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በአሌሳንድሮ ባውዚ መሪነት በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረው “ቤተ መጻሕፍት” የተባለ ፕሮጀክት ደግሞ ለቅጂው ብቻ ሳይሆን ለድርሰቱም ቁጥር ሰጥቷል። ኩፋሌ ተባለ ኢዮቤልዩ፣ ለንደን ተቀመጠ ጎንደር፣ ድርሰቱ የሚጠራበት ቁጥር አንድ ነው። ፈላጊ መጽሐፉን ባገኘ ጊዜ ከስሙ ጎን ይህን ቁጥር መዝግቦ ይያዝ።